ለባሕር ዳር መንገድ የሚሆን ብስክሌት

ታናሽ እህቴ ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር አለፋት። የምትኖረው ከእኛ ጋር ዓባይ ማዶ ሲሆን መሥሪያ ቤቷ የሚገኘው ደግሞ ድልድዩን ተሻግሮ መሀል ከተማ ነው፤ ጠዋትና ማታ ለባጃጅ የምታወጣው ገንዘብ ከደመወዟ ላይ የሚወስደውን ድርሻ ቁጭ ብላ ካሰላች በኋላ «ጋሼ፣ ብስክሌት ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከአሥር ዓመት በላይ በዚህች ከተማ በብስክሌት ስመላለስ ስለኖርሁ መልሱ አፌ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር፤ መናገር ስጀምር ግን ነገሩ በአንድ ምሽት ጨዋታ የሚያልቅ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ ለእርሷ የነገርኋትን፣ አብረን ስንዞርም ያየነውን፣ እንደ እርሷ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ሁሉ እንዲጠቅም እዚህ እጽፈዋለሁ።

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች መሆኗን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች፣ እንደ ቤዛዊት ካሉ ጥቂት ጉብታዎች በቀር ሜዳ የሆነች ከተማ ናት፤ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ገበያተኛውም በብስክሌት ሲሄድ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሜዳ ስለሆነች ብቻ ማንኛውም ብስክሌት ይሆናል ማለት አይደለም። እህቴን አስቀድሜ ያዘዝኋት ወደ ሱቅ እንድትሄድ ሳይሆን ከቤታችን እስከ መሥሪያ ቤቷ ያለውን መንገድ በእግሯ እንድትሄድበትና ከምን እንደተሠራ በትኩረት እንድታይ ነበር። ከበራችን አንሥቶ ጥቂት መቶ ሜትር የአፈር መንገድ ነው፤ ይህ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ከጎማ ጋር እየተጣበቀ የሚነሣ መረሬ ጭቃ ይሆናል። ቀጥሎ ኮብልስቶን አለ። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ይጀምርና በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ በኩል ወደ መሀል ከተማ ያደርሳታል። ከጉዞዋ ውስጥ አብዛኛው አስፋልት ቢሆንም ብስክሌቱን የሚጎዳውና ጋላቢውን የሚያደክመው ግን ያ ትንሹ የአፈርና የድንጋይ ክፍል ነው፤ ምርጫውም ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል መሆን አለበት።

እኔ የመጀመሪያውን ብስክሌቴን የገዛሁት ይህን ሁሉ ሳላስብ፣ መልኩን ወድጄ ነበር። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት፣ 21 ማርሽ ያለው፣ ጎማው ጥርስ በጥርስ የሆነ፣ የተራራ ብስክሌት የሚመስል ነበር። «የሚመስል» ያልሁበት ምክንያት አለኝ፤ እውነተኛው የተራራ ብስክሌት ብዙ ገንዘብ የሚያወጣና ሞላው በጥንቃቄ የተሠራ ሲሆን፣ በርካሽ የሚሸጠው ግን ያንኑ ቅርጽ በከባድ ብረት የቀዳ ነው። በሜዳ ላይ ፔዳሉን በረገጥሁ ቁጥር የኋላው ሞላ ይሰምጥ ነበርና ከእግሬ ጉልበት ከፊሉ ብስክሌቱን ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ሞላውን ወደ ታች በመጫን ያልቅ ነበር። ጥርሳሙ ጎማ ለጭቃ እንጂ ለአስፋልት ስላልተሠራ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመና እየጎተተ ይሄዳል፤ ጥርሱም በአስፋልቱ ላይ ቶሎ ያልቃል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ፓራፋንጎ ስላልነበረው የኋላው ጎማ ጭቃውን ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ድረስ ይረጨው ጀመር፤ ለሥራ የለበስሁት ሸሚዝ ቢሮ ሳልደርስ ይበላሻል፤ ቦርሳዬን የማስርበት መጫኛም አልነበረውም፤ የኋላው ሞላ በያዘው ቅርጽ ምክንያት መጫኛ ልግጠም ብልም የሚገጠምበት ቦታ አልተገኘም። በመጨረሻ የዲስኩ ፍሬን ሸራ ባለቀ ጊዜ ለዚያ ሞዴል የሚሆን ሸራ ፍለጋ ሳምንታት ፈጀሁ። በዓመቱ በግማሽ ዋጋ ሸጥሁት። የሸጠልኝ ሰው አላታለለኝም፤ እኔም ከቀለሙና ከማርሹ ብዛት በቀር የጠየቅሁት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ እህቴን ከሱቅ በፊት የወሰድኋት በሰፈራችን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ብስክሌት ወደሚጠግኑ አዛውንት ዘንድ ነው። ይህን ማንም ቢያደርገው እመክራለሁ፤ የትኛው ብስክሌት ቶሎ እንደሚበላሽ፣ የትኛው መለዋወጫ በከተማው እንደሚገኝና የትኛው እንደማይገኝ ከጠጋኝ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እርሳቸው ደግሞ የሚሸጡት ብስክሌት ስለሌላቸው ምክራቸው ወደ አንድ ወገን አያዘነብልም። እህቴ የምትፈልገውን ስትነግራቸው ግራሶ ከነካው እጃቸው ላይ ቀና ብለው «ልጄ፣ ቀለሙን ኋላ ታይዋለሽ፤ መጀመሪያ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ» አሏት። እኔም ይህን ምክር ነው ከሁሉ በላይ አስፍቼ መጻፍ የምፈልገው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

በልማድ ብስክሌትን «26 ቁጥር»፣ «28 ቁጥር» እያልን እንጠራለን፤ ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው የጎማውን የውጭ ስፋት ከዳር እስከ ዳር፣ በኢንች፣ ያውም በግምት ብቻ ስለሆነ ሁለት «26 ቁጥር» ጎማዎች አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ጨርሶ ላይገቡ ይችላሉ። በተራራ ብስክሌት ላይ የሚገኘው እንደ 26 × 1.75 ወይም 26 × 1.95 ያለው በነጥብ የሚጻፍ ጎማ የሚቀመጠው ጎማው የሚያርፍበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 559 ሚሊ ሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ነው። በቆዩት የከተማ ብስክሌቶች ላይ የሚታየው፣ 26 × 1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የሚጻፈው ደግሞ 590 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። በ28 ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ በፍሬናቸው ዘንግ የሚታወቁት የድሮዎቹ ጥቁር ከባድ ብስክሌቶች የሚጠቀሙበት 28 × 1 1/2 ጎማ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ 28 ወይም 700 ሲ እየተባለ የሚመጣው 622 ሚሊ ሜትር ነው። የአሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ጎማውን ገዝቶ ለመግጠም ሲታገሉ ግን ይታወቃል። መድኃኒቱ በጎማው ጎን ላይ በትንንሽ አኃዝ የሚታተመውን ሁለተኛውን ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ 47-559 የሚል ከሆነ 47 የጎማው ውፍረት፣ 559 ደግሞ የቸርኬው ልክ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር እኩል ካልሆነ ጎማው አይገባም። ሰው ብስክሌት ከመግዛቱ በፊት ይህን ቁጥር ይዞ ሁለት ሦስት የመለዋወጫ ሱቅ ቢጠይቅና የውጩም የውስጡም ጎማ በቀላሉ እንደሚገኝ ቢያረጋግጥ ኋላ ከሚመጣ ብዙ እንግልት ይድናል። እኛ ስንጠይቅ በየሱቁ የተደረደረው 559 ነበር፤ የእህቴም ምርጫ በዚህ ግማሽ መንገድ ተጓዘ።

ስለ ጎማው ውፍረት ደግሞ፣ እንደ ውድድር ብስክሌት ያለ ቀጭን ጎማ በአስፋልት ላይ ፈጣን ቢሆንም በኮብልስቶን መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል፤ ንዝረቱም ክንድን ያደነዝዛል፤ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የውስጡ ጎማ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣል። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መሀሉ ለስላሳ ሆኖ ከጎንና ከጎን ብቻ ጥቂት ጥርስ ያለው ጎማ ለእንዲህ ያለው ድብልቅ መንገድ ይስማማል። ነፋሱም ቢሆን በጎማው ጎን በተጻፈው ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ መካከል መሆን አለበት፤ ባሕር ዳር ላይ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የተነፋ ጎማ እንደ ጥሩ ጎማ ሲቆጠር አያለሁ፤ ነገር ግን በኮብልስቶን ላይ ትንሽ የላላው ድንጋዩን ዋጥ እያደረገ ስለሚያልፍ ለሰውነትም ቸርኬውን ለወጠሩት ሽቦዎችም ይሻላል። ሞላ የሚሠራውን ሥራ ወፈር ያለ ጎማ በርካሽ ይሠራዋል ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ፍሬን ነው። የባሕር ዳር ክረምት የሚያካፋ ሳይሆን የሚያወርድ ነው፤ በዓመት ከምናገኘው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። የቆዩት ብስክሌቶችና ብዙዎቹ ርካሽ አዳዲሶች ቸርኬያቸው የሚያብረቀርቅ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው፤ ብረቱ ደረቅ ሲሆን ፍሬኑ ደህና ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን የፍሬኑ ጎማ በላዩ ላይ ይንሸራተታልና ሰው በለመደው ርቀት ለመቆም ሲሞክር ብስክሌቱ አልፎት ይሄዳል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ ጊዜ ከዚህ በብዙ የተሻለ ነው። ለመለየት ማግኔት ወይም ማግኔት ያለው የስልክ መሸፈኛ ማስጠጋት ይበቃል፤ ብረቱ ይስባል፣ አሉሚኒየሙ አይስብም። በካቦ የሚሠራውና ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚጨብጠው ተራ ፍሬን ከአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር ከሆነ ለከተማ ይበቃል፤ የፍሬኑ ጎማና ካቦው በየሱቁ ይገኛል፤ ራስም በአንድ ቁልፍ ያስተካክለዋል። ዲስክ ፍሬን መጥፎ ነው አልልም፤ በጭቃ ውስጥ እንዲያውም የበለጠ ይይዛል፤ ሸራው በሚገኝበት ቦታ ለሚኖር ሰው መልካም ነው። የፊቱ ፍሬን ብዙውን የማቆም ሥራ የሚሠራ ስለሆነ «ያገለብጣል» ተብሎ ሲፈታ ወይም ሲላላ ያየሁባቸውን ብስክሌቶች ሁሉ ሳስብ እጨነቃለሁ፤ ሁለቱም ፍሬኖች መሥራት አለባቸው።

አሁን ለዕለት ተዕለት ብስክሌት ከምንም በላይ የሚያስፈልጉትን፣ በሱቅ ግን እንደ ተጨማሪ ጌጥ የሚታዩትን ነገሮች ላንሣ። የመጀመሪያው ፓራፋንጎ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሙሉ ሆኖ ወደ ታች ወረድ ያለ ቢሆን ጫማንም ልብስንም ያድናል። ነገር ግን ከጎማው ጋር በጣም ተጠግቶ ከተገጠመ መረሬው በመካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማውን እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ስለዚህ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት መኖሩን አይቶ መግዛት ይገባል። ሁለተኛው የሰንሰለት መሸፈኛ ነው። የሱሪን ጫፍ በካልሲ ውስጥ እየከተቱ መሄድ ለወንዱ ይቻል ይሆናል፤ ቀሚስ ለምትለብስና እሑድ ነጠላ ጣል አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ለምትሄድ ሴት ግን መሸፈኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የነጠላ ጥለት በኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ሲጠመጠም ሴቲቱን ወደ ኋላ ስቦ ሲጥላት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ለእህቴ የኋላውን ጎማ ከላይ ግማሽ የሚሸፍን መረብ በቀጭን ሽቦ እንዲሠራላት ጠጋኙን አስቀድሜ ለምኛቸዋለሁ። በዚያው ምክንያት ፍሬሙም ላይኛው ብረት ወደ ታች የወረደለት፣ «የሴት ብስክሌት» የምንለው ዓይነት ይሁን አልሁ፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ቅርጽ የሴት ብቻ ሊባል አይገባውም፤ ከኋላው ጭነት ላለበት፣ ዕድሜው ለገፋ፣ በየመገናኛው መቆምና መነሣት ለሚያበዛ ሰው ሁሉ እግርን ሳያነሡ መውረድ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው የኋላ መጫኛ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ድንች፣ አንዳንዴም አንድ ቁና ጤፍ የሚጫንበት ስለሆነ በአንድ ብሎን ከኮርቻው ሥር ብቻ የሚንጠለጠለው አይበቃም፤ እግሮቹ ወርደው ከኋላው ጎማ ዘንግ አጠገብ በዳዶ የሚታሰሩት ዓይነት መሆን አለበት። ጭነቱን የሚሸከመው መጫኛው ብቻ ሳይሆን ጎማው ጭምር ነውና የኋላውን ሽቦዎች ቁጥር መቁጠር ይጠቅማል፤ የድሮዎቹ ከባድ ብስክሌቶች በኋላ 40፣ በፊት 32 ሽቦ ይዘው የሚመጡት በምክንያት ነው። በአዲሶቹ 36 ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ለመልክ ሲባል ሽቦው ጥቂት ሆኖ የተራራቀ ጎማ ለጭነት አይመከርም።

ስለ ማርሽ ብዙ አልልም። በባሕር ዳር ሜዳ ላይ አንድ ማርሽ ይበቃል፤ ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ 28 ቁጥር ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል፤ ይህም ለተዘረጋ መንገድ ተስማሚ ነው፤ የሚስተካከል ወይም የሚሰበር ነገርም አይኖረውም። ደብረ ማርቆስ ለሚኖር ዘመዳችን ግን ይህንኑ ብመክረው እበድለዋለሁ። እዚያ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ይሳሳል፤ ዳገቱም በየመንገዱ አለ። እርሱ ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ጥርስ ላይ መውረድ የሚችል ብስክሌት ያስፈልገዋል፤ ያኔ አንድ ዙር ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያስኬድ ዳገቱን ተቀምጦ ይወጣዋል።

ልኩን በተመለከተ፣ በሱቅ ውስጥ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግርን መሬት በማስነካት መለካት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲህ የተለካ ኮርቻ ዝቅ ስለሚል ጉልበትን በጊዜ ብዛት ያሳምማል። ትክክለኛው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ እግር ቀጥ ካለ፣ በጉዞ ላይ በእግር መዳፍ ፊተኛ ክፍል ሲረገጥ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ ይቀራል፤ ልኩም ይህ ነው። መሪው ደግሞ ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ቀና አድርጎ የሚያስቀምጥ ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ደረት ላይ ጥቂት ቢያርፍም፣ በባጃጆችና በእግረኞች መካከል ዙሪያን ለማየት ይረዳል።

እህቴ ያላት ገንዘብ ለአዲስ ስላልበቃ ያገለገለ ፈለግን። ጠጋኙ አብረውን ሄደው የሚያዩትን ሁሉ በዝምታ እያዩ በየተራ አሳዩን። መጀመሪያ ብስክሌቱን አንሥተው ጎማዎቹን አሽከረከሩና በፍሬኑ ጎማ አጠገብ ሲያልፍ ቸርኬው ወዲያና ወዲህ መወላወሉን ተመለከቱ። ከዚያ የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁ፤ የሚንቋቋ ከሆነ የመሀሉ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። የፊቱን ፍሬን ይዘው ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ አደረጉና መሪው ሥር እጃቸውን አሳርፈው ላላ ያለ ነገር እንዳለ አዳመጡ። ፍሬሙ ከመሪው ጋር በሚገናኝበት ብየዳ ሥር ደግሞ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም እንደገና የተቀባ መሆኑን በጥፍራቸው ፈተሹ፤ እዚያ ቦታ ላይ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም አሉን። ሰንሰለቱን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ከአንድ ችንካር አንሥቶ፣ እርሱን ሳይቆጥሩ፣ ሃያ አራተኛው ችንካር ድረስ ያለው ርቀት በአዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በማስመሪያ ሲለካ ወደ 308 ከደረሰ ሰንሰለቱ ብቻ ሳይሆን ጥርሶቹም አብረው ስላለቁ የሁሉም ዋጋ መታሰብ አለበት። የእኛው 306 ሆነ፤ ሰንሰለቱን ብቻ ለመቀየር ተስማማንና ሻጩ የዚያን ያህል ቀነሰልን።

በመጨረሻ የገዛነው ላይኛው ብረቱ የወረደ፣ ሞላ የሌለው፣ ቸርኬው አሉሚኒየም፣ ጎማው 47-559 የሆነ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ አረንጓዴ ብስክሌት ነው። መጫኛው ደካማ ስለነበር ጠጋኙ እግር ጨምረው በየዱለት፤ የኋላው መረብም ተሠራ። በከተማችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትጠልቅና እህቴም ከሥራ የምትወጣው በዚያው ሰዓት ስለሆነ የፊትና የኋላ መብራት የግድ ሆነ፤ ጎማው ጎን ላይ እየታከከ የሚሠራው ዲናሞ በዝናብ ስለሚንሸራተት በባትሪ የሚሠራ ገዛንላት። ትናንት ማታ ከድልድዩ ወዲህ ቆሜ ስጠብቃት ቀዩን መብራት አላየሁትም፤ ከፊቴ የመጣው ነጩ ነበርና። ቀዩን ያየሁት አልፋኝ ወደ ቤት ስትሄድ ነው፤ መጫኛው ላይ ያሰረችው ቦርሳ በከፊል ጋርዶታል። ቅዳሜ መብራቱን ወደ ፓራፋንጎው ጫፍ አውርደን እናስረዋለን።